በመስኮቱ በኩል የጮህኩት እሪታ

በመጀመሪያ በደሉ ይጻፍልኝ። ልጅ እያለሁ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ መምህሬ አድርጊ ያለኝን በማድረጌ በሰው ሁሉ ፊት ውሸታም ተባልኩ። ያዘዘኝ ሰው እዚያው ቆሞ ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ትምህርቴም በዚያው ቀረ። ዛሬ ስምንት የልጅ ልጆች አሉኝ። ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር ግን ያን ዕለት እንደደነገጥኩት እደነግጣለሁ። «ከድጃ፣ እርሺው እንጂ፣ የልጅነት ነገር ነው» የሚሉኝ አሉ። አልረሳውም። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ያሉት እንዲህ ያለውን ነገር ነው።

የእኔ ዕድሜ ሰዎች ያስታውሱታል፤ በዚያ ዘመን የኪነት ክበብ የሌለው ትምህርት ቤት አልነበረም። የእኛን ክበብ የሚመራው አማርኛ የሚያስተምረን ጋሼ ይመር ነበር። የአምባሰል ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያስብ በአፍንጫው የሚያዜም። በክረምት ደሴ ወርዶ ስለ ቲያትር ጥቂት ሳምንት ሰልጥኖ መጣና ጉድ አሳየን። እኛ ቲያትር ማለት ቆሞ ማውራት ይመስለን ነበር። እሱ ግን ደብተሩ ላይ መድረክን በአራት ማዕዘን እየከፋፈለ ሥሎ፣ ሰው የት እንደሚቆም፣ መብራት ከየት እንደሚመጣ፣ ድምፅ በየት እንደሚገባ አንድ በአንድ አስተማረን።

ስምንት የክፍል ጠረጴዛ በጠፍር አስረን መድረክ ሠራን። ከመምህራን ቤት አራት ግራጫ ብርድ ልብስ ተዋስን፤ ሰፍቼ መጋረጃ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። መጋረጃው ከሽቦ በጠመዘዝነው ቀለበት ላይ ሲሄድ «ሽው» ይል የነበረው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እየተነፋ የሚበራ ሁለት ማሾ ነበረን። የዘይት ቆርቆሮ ለሁለት ሰንጥቀን ከኋላቸው ስናቆም ብርሃኑ ሁሉ ወደ መድረኩ ይወረወራል። አዳራሹ ላምባ ላምባ ይሸታል። ነጎድጓድ ስንፈልግ ቆርቆሮ እናንቀጠቅጣለን። ሞገድ ስንፈልግ አተር በሰፌድ ላይ ቀስ አድርገን እናንከባልላለን። የአተሩን ዘዴ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እሱም ይጻፍልኝ። የመድረኩን ሐይቅ የሠራነው ለዩኒፎርም ከመጣ ሰማያዊ ጨርቅ ነበር፤ ጓደኛዬ በላይነሽ በአንድ ጫፍ፣ ሌላ ልጅ በሌላው ጫፍ ይዘው ሲያወዛውዙት፣ ወላሂ፣ ሐይቅ ነበር።

አባቴ ወንድ በተሰበሰበበት መድረክ ላይ እንድቆም አልፈቀደም። ጋሼ ይመር ቤታችን ድረስ መጥቶ ለመነው። አባቴ አስቦ አስቦ «ከመጋረጃ ኋላ ከሆነ ትሥራ፤ ድምፅ እንኳ አላት» አለ። ድምፄን የሚያውቀው እሱ ነው። አባቴ ግማሽ ገበሬ፣ ግማሽ ዓሣ አጥማጅ ነበርና ታንኳው ላይ ሲውል ምሳ ደርሷል ብዬ ከዳር የምጣራው እኔ ነበርኩ። ነፋስ ባለበት ቀን እንኳ እስከ መሐል ውሃ ድረስ ይሰማኛል።

ጋሼ ይመር የጻፈው ቲያትር የአባቱን ምክር ንቆ በነፋስ ቀን ታንኳ ስለሚያወጣ ልጅ ነው። የልጁን ስም ሰይድ አለው። በሐይቅ ከተማችን ሰይድ የሚባል ልጅ የሌለበት ቤት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። እኛ ግን ያኔ አላሰብነውም። ልጁ ሲሰምጥ መድረኩ ይጨልማል፤ ሞገዱ ይሰማል፤ ከዚያ ከሩቅ አንዲት ሴት «ሰይድን ሐይቅ በላው! የሰው ያለህ!» ብላ ትጮኻለች። ያቺ ሴት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ባዶ እንስራ ውስጥ አፌን ከትቼ እንድጮህ አደረገኝ። ጋሼ ይመር መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰማና ራሱን ይነቀንቃል። «ቅርብ ነው፣ ከድጃ። መጋረጃ ኋላ እንዳለሽ ያስታውቃል። የምትጮኸው ሴት እኮ ሐይቁ ዳር ናት» ይለኛል። ብዙ ቀን ሞከርን። በመጨረሻ፣ ሊታይ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከመድረኩ ጀርባ ያለውን መስኮት የሸፈንበትን ጨርቅ ጫፉን ገለጠው። መስኮቱ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ያያል። ትከሻዬን ይዞ አዞረኝ።

«እዚህ ቁሚ። ፊትሽን ወደ ውጪ፣ ጀርባሽን ለሰው። ድምፁ ሜዳውን ዞሮ ይግባ። አሁን ግን በሹክሹክታ ተለማመጂ፤ መንገደኛ እንዳይሰማ። በዕለቱ ብቻ ነው ሙሉ ድምፅሽን የምታወጪው።»

«ጋሼ፣ ሰው ሰምቶ ቢመጣስ?» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ማን ይመጣል? ሰው ሁሉ እዚህ ውስጥ አይደል የሚቀመጠው!»

በላይነሽ ጨርቋን እያጠፈች ይህን ሁሉ ሰምታለች።

በዕለቱ አዳራሹ ጢም አለ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ መስኮቶቹን ሁሉ በጨርቅ ስለሸፈንን ውስጡ ጨለማ ነበር። ከፊት ሼኾችና ቄሶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ከኋላ እናቶች፤ በየጥጉ ልጅ። በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው፤ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ልጁ ታንኳውን ሲያወጣ አንዲት አሮጊት «ተው፣ አንተ ልጅ! ነፋሱን አታይም?» ብለው ሲቆጡት ሰው ሳቀ። ከዚያ አንደኛው ማሾ ጠፋ። አተሬን በሰፌድ አንከባለልኩ። አዳራሹ ዝም አለ። ሰፌዱን አስቀመጥኩና መስኮቱ ጋ ቆምኩ። አባቴን በነፋስ ቀን የምጣራበትን ድምፅ አወጣሁ።

«ሰይድን ሐይቅ በላው! የሰው ያለህ! የሰው ያለህ!»

ከዚያ ከኋላዬ ጉምጉምታ፣ ቀጥሎ ሁካታ ሰማሁ። ያጨበጨቡልኝ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። አላህ ምስክሬ ነው፣ ፈገግ ብያለሁ። ቀና ስል በመስኮቱ ፊት ለፊት ሰው ሲሮጥ አየሁ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ አንድ ቄስ ካባቸውን ሰብስበው። እነዚያ ከኋላዬ ተቀምጠው ያዩናል ያልኳቸው ሰዎች በፊቴ ወደ ሐይቁ ቁልቁል ይነጉዳሉ። ዞር ስል አዳራሹ ባዶ ነው። አግዳሚው ተገለባብጧል፤ አንድ እግር ጫማ፣ ነጠላ፣ መቁጠሪያ መሬት ላይ ወድቋል። በላይነሽ የሐይቁን ጫፍ እንደያዘች ቆማለች።

«ከድጃ፣ ሕዝቡስ?» አለችኝ።

የአገራችንን ወግ ለማያውቅ ልንገረው። ሐይቅ አጠገብ የሚኖር ሰው የሰመጠ እሪታ ሲሰማ አይጠይቅም፤ ይሮጣል። የያዘውን ይጥላል፤ የተጣላውም፣ የታመመውም ይነሳል። ሰምቶ የቀረ ሰው በቅሬው፣ በቀብር ማኅበራችን፣ ይዳኛል፤ ለወገኑ ቀባሪ ሲፈልግ ፊት ይነሳል። ይህ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነገር ነው። እነዚያ ሰዎች ቲያትር እያዩ መሆናቸውን ያውቃሉ። እሪታው ግን ከመድረኩ አልመጣም፤ ከሐይቁ በኩል መጣ። ጆሯቸው ከሰማ በኋላ እግራቸውን ማን ይያዘው!

ተከትያቸው ሮጥኩ። «ቲያትር ነው! እኔ ነኝ የጮህኩት!» እላለሁ። ገመድ የያዘ ጎረምሳ ገፈተረኝ። «ዞር በይ አንቺ! ሰው እየሞተ ቲያትር ትላለች!» አለኝ። ሐይቁ ዳር ስደርስ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። ሽማግሌ ሳይቀር ከነልብሱ ውሃ ውስጥ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ አንገታቸው ድረስ ገብተው ልጃቸውን «ሰይዴ! ሰይዴ!» ይላሉ፤ ዋና አያውቁም። አባቴ ከመሐል ውሃ እየቀዘፈ ይመጣል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። የእኔን ድምፅ አውቋል። ለጨዋታ እንደማልጠራው ያውቃል።

የእትዬ ፋጡማን ሰይድ ማን አገኘው? እሳቸው ራሳቸው። ሰይድ የሰመጠውን ሰይድ ፍለጋ ከሁሉም ቀድሞ ዘሎ ገብቶ ኖሮ እናቱ አጠገብ ብቅ አለ። በጥፊ መቱት፤ ከዚያ አቅፈውት አለቀሱ። ይህን ሁሉ አይቶ እንኳ የሚያምነኝ ጠፋ። «የሌላ ቤት ሰይድ ይሆናል» አሉ። የከተማው ሰይዶች በሙሉ ከየቤቱ እየተጠሩ ዳር ላይ ተሰለፉ፤ አንድ በአንድ ተቆጠሩ። አሱር ሶላት ሲደርስ ነው ማንም እንዳልጎደለ ሰው የተረዳው። ሁለት ሰው እግሩ ወልቋል። አንድ ታንኳ ተሰብሯል።

ሐዘኑ ወደ ቁጣ ሲዞር በዓይኔ አየሁት። ማንም አልጮኸብኝም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። የቅሬው ዳኛ ቀሚሳቸውን እየጨመቁ ወደ እኔ መጡና በቀስታ «ልጄ፣ ነገ የእውነት ሲጮህ ማን ይነሳል?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ልክ መሆናቸው ነው ያስደነገጠኝ።

ሰኞ ጠዋት ባንዲራው ሥር ተሰለፍን። ዳይሬክተሩ አወጣኝ።

«በመስኮት ጩኺ ብሎ ማን አዘዘሽ?»

«ጋሼ ይመር።»

«ጋሼ ይመር፣ አዘሃታል?»

ጋሼ ይመር የጫማውን ጫፍ ያያል። ጠበቅኩ። ሰልፉ ሁሉ ጠበቀ። ያ ዝምታ ስንት ጊዜ እንደቆየ አላውቅም፤ እኔ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ አልተቋጨም ነበር። «እሷ ናት ያመጣችው» አላለም። «እኔ ነኝ»ም አላለም። ዳይሬክተሩ ዝምታውን ለራሱ ተረጎመው።

«አገር ማሸበርሽ ሳያንስ መምህርሽ ላይ ትዋሺያለሽ! ውሸታም!»

ጠጠር ላይ ተንበረከክሁ። በላይነሽ ከሰልፉ «እኔ ሰምቻለሁ፤ ጋሼ ራሱ ነው ያቆማት» ስትል «አንቺን ማን ጠየቀሽ!» ተባለችና ከጎኔ ተንበረከከች። እንግዲህ ፍርድ ይሉታል ይህን? ምስክር በገዛ ፈቃዷ መጥታ ተቀጣች።

ወሬው አባቴ ዘንድ ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። አባቴ መትቶኝ አያውቅም፤ ያን ዕለትም አልመታኝም። መረቡን እየጠገነ፣ ቀና ሳይል «ብታጠፊ ልጅ ነሽ እላለሁ። መምህርሽ ላይ መዋሸትን ግን ከየት ተማርሽው?» አለኝ። «አልዋሸሁም፣ አባዬ» አልኩት። «መምህሩ ቆሞ ነበር አይደል? እውነት ቢሆን ዝም ይላል?» አለ። ለአባቴ መምህር ማለት ከሼኽ ቀጥሎ ያለ ሰው ነው። በማግስቱ ደብተሬ ተሰበሰበ። ዓመት ሳይሞላ ተዳርኩ። ጋሼ ይመርም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ አሉ። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ፤ ወዶኝ ኖረ፤ ግን አንድ ጊዜ ዋሽታለች ብሎ እንደያዘኝ ሞተ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ጠጠሩ አይደለም።

አምና የልጄ ልጅ ሰሚራ ደሴ ቲያትር ልትማር ገባች። ስትነግረኝ ያ መስኮት ትዝ አለኝ፤ ለእሷ ግን አልነገርኳትም። ዘንድሮ የክፍሏ ልጆች የሠሩትን እንዳይ ወሰደችኝ። ከአዳራሹ ኋላ አስገብታ አሳየችኝ። መብራቱ ከጣሪያ ተንጠልጥሏል፤ በጣት እየተነካ ቀይ፣ ሰማያዊ ይሆናል። «እምዬ፣ ይህን ስነካ ዝናብ፣ ይህን ስነካ ነጎድጓድ» አለችኝ። አተር የለ፣ ሰፌድ የለ፣ የላምባ ሽታ የለ። ደስ አለኝ፤ ለልጆቼ የቀለለው ነገር ሁሉ ደስ ይለኛል።

ቲያትሩ መሐል ላይ ግን አንዲት ሴት ጮኸች። ድምፁ ከግድግዳው ሁሉ መጣ። ሳላስበው ብድግ አልኩ፤ ነጠላዬ ወደቀ። ዙሪያዬን ሳይ የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ። አዳራሽ ሙሉ ሰው የሴት እሪታ ሰምቶ አንድ ጉልበት አልተንቀሳቀሰም። አንዱ ስልኩን ያያል። ሌላዋ ትስቃለች። ከኋላ «እማማ፣ ይቀመጡልን» ተባልኩ። ደነገጥኩ፤ ያኔ ሁሉም በመሮጣቸው ደንግጬ ነበር፣ አሁን ደግሞ ማንም ባለመነሳቱ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሰሚራ እየሳቀች «እምዬ፣ ሰው እኮ ቲያትር መሆኑን ያውቃል» አለችኝ።

«የእኛም ሰው ያውቅ ነበር» አልኳት።

«ምን ማለትሽ ነው?»

ነገርኳት። ለሰው ጨርሼ ስነግር የመጀመሪያዬ ነው። ልጅቱ ሳቋ ጠፋ። «መስኮቱ ጋ ያቆመሽ እሱ? እና ዝም አለ?» ትላለች ደጋግማ። በሳምንቱ መጥታ «ጋሼ ይመርን አግኝቼዋለሁ» አለችኝ። አብሯት የሚማር የአምባሰል ልጅ ያውቃቸው ኖሯል፤ ጡረታ ወጥተው ውጫሌ ልጃቸው ቤት አሉ። እኔ ሞተዋል ብዬ ይቅር ልላቸው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

በሚኒባስ ሄድን። በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው፤ ያ ረጅም ሰው ታጥፎ አጥሯል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ሰላምታ ተለዋወጥን። ለያኔው ወጣት አንተ እንዳልኩ ኖሬ፣ ለዚህ ሽማግሌ አንቱ ከማለት ሌላ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

«ማን ልበል?» አሉ።

«ከድጃ ነኝ። መስኮቱ ጋ ያቆሙኝ።»

አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩኝ። ከዚያ «አለሽ እንዴ?» አሉኝ።

«አለሁ። እርስዎም አሉ። አብሽሩ፣ ልጣላዎት አልመጣሁም። አንድ ነገር ልጠይቅ ነው የመጣሁት፤ መልሱን ይህች የልጄ ልጅ ትስማልኝ።»

«ሻይ ይምጣላችሁ» ብለው ሊነሱ ሞከሩ።

«ሻዩ ይቆየን። ሰኞ ጠዋት፣ ሰልፍ ላይ፣ ዳይሬክተሩ ሲጠይቅዎት ለምን ዝም አሉ? ፈርተው ከሆነ ፈራሁ ይበሉኝ። ሥራዬን እንዳላጣ ብለው ከሆነ እሱንም ይበሉኝ። ባልመለሱት መልስ ከትምህርት የቀረሁት እኔ ነኝ። ባልተናገሩት ቃል አባቴ ውሸታም እንዳለኝ ሞተ። ይህን ያህል ዘመን መልስ ሳስብልዎት ኖሬ አንዱም አላሳመነኝም።»

ሰሚራ ክርኔን ያዘችኝ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከእኔ አላነሱም።

«ፍርሃት አልነበረም፣ ከድጃ» አሉ። «ጩኸቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስንት ቀን ያስለማመድኩሽ እኔ ነኝ። መስኮቱ ጋ በእጄ አዙሬ ያቆምኩሽ እኔ ነኝ። ስትጮኺ ግን… እኔም ሮጥኩ። ወላሂ፣ ከብዙው ሰው ቀድሜ ሮጥኩ። ቲያትር መሆኑን ያስታወስኩት ውሃው ደረቴ ላይ ሲደርስ ነው። ደራሲው፣ መምህሩ፣ ከነጫማዬ ሐይቅ ውስጥ ቆሜ ራሴ የፈጠርኩትን ልጅ እፈልጋለሁ። ሰኞ ‹አዘሃታል?› ሲለኝ ‹አዎ› ብል ‹ታዲያ አንተ ምን ልትፈልግ ገባህ?› ብሎ ሰልፉ ሁሉ ይስቅብኛል ብዬ አፈርኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም። እንዳይሳቅብኝ ብዬ ነው የሸጥኩሽ።»